የሕፃናት ዕድገት በፊልም ሲታይ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በተማሪዎች ስም ለወላጆችና ለመምህራን የተደረገ ንግግር፤ ነቀምቴ)



በዚህ በዓል ላይ በተማሪዎች ስም ጥቂት ቃል እንድንናገር ስለ ተፈቀደልን ከሁሉ አስቀድመን ምስጋናችንን እናቀርባለን። በእንዲህ ያለ ቀን ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ ትምህርት ጥቅም፥ ስለ ሀገር ፍቅር ወይም ስለ መልካም ጠባይ ነው። እኛ የመረጥነው ርእስ ግን ከሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሚጠበቅ አይመስልም፤ ይኸውም ወላጆች በአፀደ ሕፃናት ያሉትን ልጆቻቸውን በእጅ ስልክ ፊልም ስለሚያነሡበት ልማድ ነው። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» እንደሚባል እናውቃለን፤ ቢሆንም ያቦካነውን ቀምሳችሁ እንድትፈርዱልን እንለምናለን።

ርእሱን ያገኘነው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከመንገድ ነው። ጧት ጧት ወደዚህ ስንመጣ በአፀደ ሕፃናት በር አጠገብ የምናልፍ ብዙዎች ነን። እዚያም አንዱ አባት በአንድ እጁ የልጁን ቦርሳ፥ በሌላው ስልኩን ይዞ «ወደዚህ ተመልከቺ፥ ሳቅ በይ» ሲል እንሰማለን። የትምህርቱ ዓመት ሲያልቅና ሕፃናቱ ካባና ቆብ ለብሰው ሲመረቁ ደግሞ፥ ከወላጆች መካከል ስልኩን ከፍ አድርጎ ያልያዘ ሰው ማግኘት ያስቸግራል። ይህ ሁሉ ከፍቅር የመጣ ነገር ነው፤ ፍቅርን የሚነቅፍ ሰው የለም። ነገር ግን አንድ ጥያቄ መጠየቅ ይገባል እንላለን። ፊልሙ የሚነሣው ለማን ነው? ለወላጁ ደስታ ነውን? ለጎረቤትና ለወዳጅ ለማሳየት ነውን? ወይስ አንድ ቀን አድጎ «እኔ እንዴት ያለሁ ልጅ ነበርሁ?» ብሎ ለሚጠይቀው ለልጁ ነው? ለልጁ ከሆነ፥ አነሣሡም አጠባበቁም ሌላ መልክ ሊኖረው ይገባል። የዛሬው ንግግራችን አሳብ በአጭሩ ይኸው ነው።

አስቀድመን ስለ አፀደ ሕፃናት ጥቂት እንበል። የቃሉ ትርጓሜ የሕፃናት የአትክልት ስፍራ ማለት ነው። ፍሪድሪኽ ፍሮብል የተባለው ጀርመናዊ መምህር እ.ኤ.አ. በ1837 ባድ ብላንከንቡርግ በተባለች ትንሽ ከተማ ለታናናሽ ልጆች የመጫወቻና የመማሪያ ቤት ከፈተ፤ በ1840ም በቋንቋው «ኪንደርጋርተን» ብሎ ሰየመው። የእኛም ስያሜ ይህንኑ ትርጉም የያዘ ነው። አትክልተኛ ተክሉ ማደግ አለማደጉን ለማወቅ በየቀኑ ከሥሩ እየነቀለ አያየውም፤ ያጠጣዋል፥ አረሙን ያርምለታል፥ ይጠብቀዋል። መልካም አስተማሪም መልካም ወላጅም እንዲሁ ነው።

በሀገራችን የቀደሙት አባቶች ፊደል የቆጠሩት በቄስ ትምህርት ቤት በዛፍ ጥላ ሥር፥ ወይም በመስጊድ አጠገብ፥ በወለጋም ብዙዎቹ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነበር። አፀደ ሕፃናት ለረጅም ዘመን በታላላቅ ከተሞች ለሚኖሩና ገንዘብ ላላቸው ሰዎች ልጆች ብቻ የሚሆን ነገር ሆኖ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ2010 የትምህርት፥ የጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች በአንድነት ስለ ሕፃናት እንክብካቤና ትምህርት የፖሊሲ ማዕቀፍ ካወጡ በኋላ ግን በመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ «ኦ ክፍል» የሚባለው እየተስፋፋ ሄደ። ስለዚህ ዛሬ በነቀምቴም ሆነ በጊምቢ፥ በነጆም ሆነ በመንዲ፥ በሻምቡም ሆነ በደምቢ ዶሎ፥ ገና አንደኛ ክፍል ሳይደርስ ደብተር የሚይዝ ልጅ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። የእኛ ታናናሾች ወላጆቻቸው ያላገኙትን ዕድል አግኝተዋል፤ የእጅ ስልክ ከገባ ወዲህ ደግሞ ብዙዎቹ በፊልም የሚታይ የሕፃንነት ታሪክ አላቸው።

ሕፃንን በፊልም ማንሣት ከፊልም ጋር አብሮ የተወለደ ነገር ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። ሉሚዬር የተባሉት ሁለቱ ፈረንሳውያን ወንድማማቾች ዲሴምበር 28 ቀን 1895 በፓሪስ ከተማ ለሕዝብ ካሳዩአቸው ዐሥር አጫጭር ፊልሞች አንዱ፥ አባትና እናት በአንድ ማዕድ ተቀምጠው ሕፃን ልጃቸውን ሲያበሉ የሚያሳይ ነው። አባትየው ከወንድማማቾቹ አንዱ ኦጉስት ሲሆን ሕፃኗም የገዛ ልጁ ነበረች። እንግዲህ ሲኒማ ገና በመጀመሪያው ቀን ከአስደናቂ ነገሮች ጋር ያሳየው፥ በየቤታችን በየቀኑ የሚሆነውን አንድ ነገር ነው።

ከፊልም በፊትም ልጆቻቸውን በትጋት የተመለከቱ አባቶች ነበሩ። እንግሊዛዊው ሊቅ ቻርልስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1839 መጨረሻ የተወለደለትን የበኵር ልጁን መቼ እንደ ተቈጣ፥ መቼ እንደ ፈራ፥ መቼ እንደ ሳቀ በማስታወሻ ጽፎ አቆየ፤ ጽሑፉንም ያሳተመው በ1877 ነው። ከ1920ዎቹ ጀምሮ ደግሞ አርኖልድ ጌዜል የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም በየል ዩኒቨርሲቲ ሕፃናትን በፊልም እያነሣ ዕድገታቸውን መረመረ። ጉልላት የመሰለ ክፍል አሠርቶ፥ ፊልም አንሺዎቹ ሕፃኑን እያዩት እርሱ ግን እነርሱን እንዳያይ አደረገ። ይህን ያደረገው ሕፃን የሚመለከተው ሰው መኖሩን ሲያውቅ ጠባዩን ስለሚለውጥ ነው። በር ላይ «ሳቅ በይ» የምንላት ልጅ የምታሳየን ሳቋን ሳይሆን ትእዛዛችንን ነው።

«ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይባላል። ምሳሌውን ሁላችንም እንናገረዋለን እንጂ ዕንቁላሉ መራመድ የጀመረበትን ቀን ያየ የለም፤ ዕድገት ከዓይን የተሰወረ ነገር ነውና። እናት ልጇን በየቀኑ ስለምታየው መለወጡን አታስተውልም፤ ከሩቅ አገር የመጣች አክስት ግን ገና በበር ስትገባ «ውይ፥ አድጎ!» ትላለች። ፊልም እንደዚያች አክስት ነው። የመስከረሙን ቀንና የሰኔውን ቀን ጎን ለጎን አድርጎ ያሳያል። በመስከረም የእናቱን ነጠላ አልለቅም ያለው ልጅ በሰኔ ወደ ኋላ ሳይመለከት ሲገባ፥ በመስከረም እርሳሱን በጡጫው የጨበጠችው ልጅ በሰኔ በሦስት ጣቶቿ ይዛ ስትጽፍ፥ ቀድሞ «የኔ ነው» ብቻ ይል የነበረው «እንካ፥ አንተም ተጫወት» ሲል፥ ይህን ሁሉ ያለ ፊልም ማን ያስታውሰዋል?

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ፊልሙ ልጅን ከራሱ ጋር ማወዳደሪያ እንጂ ከጎረቤት ልጅ ጋር ማፎካከሪያ ሊሆን አይገባም። የዓለም ጤና ድርጅት በጋና፥ በሕንድ፥ በኖርዌይ፥ በኦማንና በአሜሪካ ያሉ ጤነኛ ሕፃናትን አስመርምሮ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው ውጤት፥ አንዱ ሕፃን ገና በ8 ወሩ ብቻውን ሲራመድ ሌላው እስከ 17 ወር ድረስ ሊቆይ እንደሚችል፥ ሁለቱም ግን ጤነኞች መሆናቸውን ገልጿል። የሁለቱ ልዩነት 9 ወር ያህል መሆኑን ልብ በሉ። ስለዚህ አንዲት እናት በስልኳ የጎረቤቷን ልጅ ፊልም አይታ «የኔ ለምን ዘገየ?» ብላ ልጇን ብትቈጣ፥ መሣሪያው ልጁን የሚጎዳ ሆነ ማለት ነው። ፊልም የጤና ጣቢያውን ሚዛንና የቁመት መለኪያም አይተካም። እ.ኤ.አ. በ2016 በሀገራችን በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት፥ ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ከሆኑ 100 ሕፃናት 38ቱ ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ከሚገባው ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። በፊልም ላይ ደስ ብሎት የሚጫወት ልጅ ምግብ የጎደለው ሊሆን ይችላል፤ ሳቁ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

አሁን ወደ አገራችን ወደ ወለጋ እንመለስ። ብዙዎቻችን የሕፃንነታችን ፊልም የለንም፤ አያቶቻችን ደግሞ ፎቶግራፍ እንኳ የላቸውም። ይሁን እንጂ በዚህ ከተማ የሕፃንነትን ድምፅ ለማስቀመጥ የደከመች ሴት ኖራበታለች። ስሟ አስቴር ጋኖ ይባላል። አስቴር በልጅነቷ ከወገኖቿ ተነጥቃ ቀይ ባሕርን ተሻግራ ልትሸጥ በጀልባ ስትወሰድ፥ እ.ኤ.አ. በ1886 የኢጣልያ መርከብ ጀልባውን ይዞ እርስዋንና አብረዋት የነበሩትን ልጆች ነፃ አወጣ። ከዚያም ከምፅዋ አጠገብ በእምኩሉ በነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማረች። እርሱም እንደርስዋ በልጅነቱ ተሽጦ ነፃ ከወጣው ከኦነሲሞስ ነሲብ ጋር እየሠራች፥ በልጅነት የተሰሙትን የኦሮሞ ተረቶች፥ እንቆቅልሾች፥ ምሳሌዎችና ዘፈኖች 500 ያህል በጽሑፍ አኖረች። ከእነዚህም ብዙዎቹ እ.ኤ.አ. በ1894 ለጀማሪ አንባቢዎች በታተመው የአፋን ኦሮሞ መጽሐፍ ውስጥ ገቡ። ኦነሲሞስ በ1904 ወደ ነቀምቴ መጥቶ ትምህርት ቤት ከፈተ፤ አስቴርም በዚሁ ከተማ አስተማረች። እርሱ በ1931፥ እርስዋ በ1964 ዐረፉ።

ወላጆቻችን ሆይ፥ ይህን ነገር እስቲ አስቡት። እናቷና መንደሯ በግፍ የተወሰዱባት ልጅ ከእጇ ያልተወሰደባት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እርሱም በሕፃንነቷ የሰማችው ቃል ነው። ያንን ቃል በጽሑፍ አድርጋ ለሌሎች ሕፃናት መለሰችው። «በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የተባለው በእርስዋ ሥራ ተፈጸመ። እንግዲህ ዛሬ በኪሳችን ድምፅንና መልክን በአንድነት የሚይዝ መሣሪያ ሳለ፥ የምናስቀምጠው የካባና የቆብ ሰልፍ ብቻ ከሆነ ሊያሳፍረን ይገባል።

የነቀምቴ ልጅ በቤቱ በአፋን ኦሮሞ ይነጋገራል፤ በሰፈሩ አማርኛ ይሰማል፤ ከአፀደ ሕፃናት ሲመለስ ደግሞ በእንግሊዝኛ ቁጥር እየቆጠረ ይመጣል። ብዙዎች ወላጆች ስልካቸውን የሚያነሡት ልጁ እንግሊዝኛውን በሚናገርበት ጊዜ ነው፤ ይህም ልጁ መማሩን ስለሚያሳይ ደስ ያሰኛቸዋል። እኛ ግን አያቱ «ሂቦ» ብላ ስትጠይቀው አንገቱን ደፍቶ መልሱን ሲፈልግ፥ ወይም አያቱ «እንቆቅልህ» ሲሉት «ምን አውቅልህ» ብሎ ሲመልስ ቢነሣ ይሻላል እንላለን። የእንግሊዝኛው ቁጥር ከ20 ዓመት በኋላም ይገኛል፤ የአያት ድምፅ ግን አይገኝም። በዚያ ፊልም ውስጥ የሚያድገው ልጁ ብቻ አይደለም፤ ሁለት ትውልድ በአንድ ላይ ይቀመጥበታል።

በሀገራችን ሕፃናት ለብዙ ዘመን የፊልም ተመልካቾች እንጂ የሚታዩ አልነበሩም። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሲጀመር አባባ ተስፋዬ ለልጆች ተረት መንገር ጀመሩ፤ ከ40 ዓመት በላይም በዚሁ ሥራ ቆዩ። እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ ብሩክታዊት ጥጋቡ የተባለችው መምህርት ከባለቤቷ ጋር «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለውን የአሻንጉሊት ፊልም ለሕፃናት አቀረበች። ዛሬ ሕፃናቱ ራሳቸው በስልኩ ውስጥ ይታያሉ። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው፤ የሚታይ ሰው ግን ከተመልካች ይልቅ ጥበቃ ያስፈልገዋል።

ለዚህም ከውጭ አገር ሁለት ምሳሌ እንጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ1961 ቪንፍሪድ ዩንገ የተባለ ጀርመናዊ የፊልም ሠሪ ጎልዞ በተባለች የገጠር መንደር አንደኛ ክፍል የሚገቡትን ልጆች ማንሣት ጀመረ፤ በኋላም ከባለቤቱ ከባርባራ ጋር ሆኖ እስከ 2007 ድረስ ሕይወታቸውን ተከታተለ። ልጆቹ የታላላቅ ሰዎች ልጆች አልነበሩም፤ ከተራ ገበሬና ሠራተኛ ቤት የወጡ ናቸው። መንደሪቱ ግን በእነርሱ ምክንያት በዓለም ታወቀች። በ1964 ደግሞ በእንግሊዝ አገር 14 የሰባት ዓመት ልጆችን ጠይቆ፥ በየሰባት ዓመቱ ተመልሶ የሚጎበኝ ፊልም ተጀመረ፤ ልጆቹ ሽማግሌዎች እስኪሆኑ ድረስ ቀጠለ። ነገር ግን ከልጆቹ አንዳንዶቹ ካደጉ በኋላ «ከእንግዲህ አንነሣም» አሉ። ሲጀመር ፈቃድ የሰጡት እነርሱ አልነበሩምና። ከመጀመሪያው ምሳሌ የተራ ልጅ ተራ ቀን ዋጋ እንዳለው እንማራለን፤ ከሁለተኛው ደግሞ ልጅ አድጎ የራሱ ቃል እንደሚኖረው።

ሕጉም ይህንኑ ይላል። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣውና ኢትዮጵያ በ1991 የተቀበለችው የሕፃናት መብት ስምምነት በ16ኛው አንቀጹ የሕፃንን የግል ሕይወት ይጠብቃል። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 36 የሕፃናት ደኅንነት በቅድሚያ እንዲታሰብ ያዛል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል። ሕግ መጥቀሳችን ወላጆችን ለማስፈራራት አይደለም፤ የሦስት ዓመት ልጅም ባለ መብት መሆኑን ለማስታወስ ነው። ስለዚህ ልጅ ሲያለቅስ፥ ሲታጠብ ወይም ሲቀጣ የተነሣ ፊልም ለማንም ሊታይ አይገባም። የሌላ ሰው ልጅ ያለበትንም ፊልም ያለ ወላጁ ፈቃድ በኢንተርኔት ላይ ማውጣት ተገቢ አይደለም። ከልጁ ስም ጋር የትምህርት ቤቱን ስምና የሚወጣበትን ሰዓት መግለጽ ደግሞ ለክፉ ሰው መንገድ ማሳየት ነው።

እስካሁን የተናገርነው ስልክ ስላላቸው ወላጆች ነው። ዋናው አሳባችን ግን ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። በአንድ ክፍል 30 ሕፃናት ቢኖሩ፥ ፊልም የሚያነሣ ስልክ ያላቸው ወላጆች ምናልባት ግማሽ ይሆናሉ። በምረቃው ቀን ወላጁ የልጁን ፊት እየተከተለ ያነሣል፤ በአጠገቡ የቆመችው የቀን ሠራተኛዋ ልጅ በፊልሙ ውስጥ የምትታየው እጇ ወይም የካባዋ ጫፍ ብቻ ነው። ያች ልጅ አድጋ የሕፃንነቷን መልክ ብትፈልግ፥ የምታገኘው በሰው ፊልም ጠርዝ ላይ ተቈርጣ ነው። ይህን ማንም በክፋት አላደረገውም፤ ነገር ግን ሊታረም ይችላል።

ከዚህም የባሰ አለ። ባለፉት ዓመታት በወለጋ በደረሰው ግጭት ብዙ ሰዎች ቤታቸውን ጥለው ወጥተዋል፤ ብዙ ትምህርት ቤቶችም ተዘግተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ ለሦስት ወር ያህል ስልክና ኢንተርኔት በምዕራብ ኦሮሚያ ተቋርጦ እንደ ነበረም ሁላችንም እናስታውሳለን። በችኮላ ከቤቱ የሚወጣ ሰው ልጁን ያቅፋል እንጂ አልበም አያቅፍም። ስልክም ይጠፋል፥ ይሰበራል፥ ይሸጣል። በአንድ ቦታ ብቻ የተቀመጠ ትዝታ እንዳልተቀመጠ ይቈጠራል።

ስለዚህ እኛ ተማሪዎች በዚህ በዓል ላይ አንድ ነገር ለማቅረብ ወስነናል። ወላጆችና የአፀደ ሕፃናት መምህራን ከፈቀዱልን፥ በየመንፈቀ ዓመቱ መጨረሻ አንድ ቀን ወደ ክፍላቸው ሄደን ለእያንዳንዱ ልጅ እኩል 3 ደቂቃ ፊልም እናነሣለን። በክፍሉ 30 ልጆች ቢኖሩ ሥራው የ90 ደቂቃ ሥራ ነው፤ ከአንድ የእግር ኳስ ጨዋታ አይረዝምም። ካባ አይለበስም፤ ልብስም አይመረጥም። ልጁ በዕለት ልብሱ ሆኖ አራት ነገር ብቻ ያደርጋል፤ ስሙን በወደደው ቋንቋ ይናገራል፥ አንድ ሰው በወረቀት ላይ ይሥላል፥ በአንድ እግሩ ይዘልላል፥ ከቤቱ ያመጣውን አንድ ተረት ወይም እንቆቅልሽ ይነግረናል። እምቢ ያለ ልጅ አይገደድም፤ ዝም ብሎ መቀመጡም የእርሱ ነው። በ3 ዓመት ውስጥ ይህ 6 ጊዜ ቢደረግ ለአንድ ልጅ 18 ደቂቃ ይከማቻል። 18 ደቂቃ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ምንም ለሌለው ልጅ ሕፃንነቱ በሙሉ ነው።

ፊልሙ ለማንም አይበተንም። አንዱ ቅጂ ለወላጅ ይሰጣል፤ ስልክ የሌለው ወላጅ በትምህርት ቤት መጥቶ ያየዋል፥ የልጁንም ድርሻ ለሚያምነው ዘመድ ያስረክባል። ሌላው ቅጂ በአፀደ ሕፃናቱ ቢሮ በቁልፍ ይቀመጣል። ከእኛ ዘንድ ግን ምንም አይቀርም፤ ካስረከብን በኋላ መምህር ባለበት ከስልካችን እናጠፋዋለን። ልጁ አንደኛ ክፍል ሲገባ ፊልሙ የእርሱ ይሆናል፤ ካደገም በኋላ ሊያሳየውም ሊደብቀውም ሊያጠፋውም ሥልጣኑ የራሱ ነው።

መምህራኖቻችንም ከዚህ ሥራ ጥቅም የሚያገኙ ይመስለናል። ጆሴፍ ቶቢንና ባልደረቦቹ በቻይና፥ በጃፓንና በአሜሪካ የሚገኙ አፀደ ሕፃናትን አንድ አንድ ቀን በፊልም አንሥተው፥ ፊልሙን ለየክፍሉ መምህራን፥ ከዚያም ለሌሎቹ አገሮች መምህራን አሳዩ፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ያወጡት መጽሐፍም በብዙ ቦታ ተነበበ። በፊልሙ ላይ ሁለት ልጆች ሲጣሉ አንዱ መምህር ቶሎ ገብቶ ያስታርቃል፤ ሌላዋ መምህርት ግን ልጆቹ ራሳቸው ይታረቁ ዘንድ ትጠብቃለች። ሁለቱም ለልጆቹ በማሰብ ነው። የነቀምቴና የጊምቢ፥ የነጆና የደምቢ ዶሎ መምህራንም በወላጆች ፈቃድ እንዲህ እየተያዩ ቢነጋገሩ፥ ከብዙ ስብሰባ የሚበልጥ ትምህርት ያገኙበታል።

ክቡራን አባቶችና እናቶች፤ ስልካችሁን ጣሉ አላልንም። ልጃችሁ ወደ በሩ ሲሮጥ አንዳንድ ቀን አንሡት፤ በሌላው ቀን ግን ስልኩን በኪሳችሁ አድርጋችሁ በዓይናችሁ ተቀበሉት። ልጅ ወደ ወላጁ ሲሮጥ የሚፈልገው የወላጁን ፊት ነው። ስታነሡም የራሳችሁን ልጅ ካነሣችሁ በኋላ ስልኩን ጥቂት ወደ ጎን አዙሩት፤ በአጠገቡ የቆመችውን ልጅ ፊቷን አስገቡላትና ለእናቷ አድርሱላት።

ውድ ጓደኞቻችን፤ ይህ ሥራ የእኛ ነው። ስልክ አያያዝ ከታላላቆቻችን ይልቅ እናውቃለን እየተባለ እንመሰገናለን፤ እውቀታችን ለዘፈንና ለጨዋታ ብቻ እንዳይሆን ይህ መልካም አጋጣሚ ነው። ዝርዝሩን በቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ለጥፈነዋል፤ ስማችሁን ጻፉ። የመጀመሪያው ቀረጻ የዚህ መንፈቀ ዓመት ፈተና ባለቀ በሳምንቱ እንዲሆን ርእሰ መምህራችንን ለምነናል። ወላጆችም ከአዳራሹ ስትወጡ የፈቃዱን ወረቀት ከእኛ ወስዳችሁ፥ አንብባችሁ፥ ከልጃችሁም ጋር ተነጋግራችሁ ትመልሱልን ዘንድ በትሕትና እንጠይቃለን።